አሲስትድ ሊቪንግ ወይስ ሜሞሪ ኬር? የመርሳት ሕመም ላለባቸው ወላጆች መኖሪያ ስለመምረጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዲሜንሺያ ወይም በተለምዶ የመርሳት በሽታ የምንለው ሕመም ያለባቸውን ወላጅ ወይም የትዳር ጓደኛ በቤት ውስጥ መንከባከብ ከአቅም በላይ ሲሆን፣ በአሜሪካ ያለ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓይነት መኖሪያዎች መካከል እንዲመርጥ ይገደዳል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ይህን ውሳኔ በጥድፊያ ሳይሆን በማስተዋል ለመወሰን እንዲረዱ የተዘጋጁ ናቸው። የሐኪምን ምክር ግን አይተኩም።

ሁለቱ መኖሪያዎች በምን ይለያያሉ?

አሲስትድ ሊቪንግ በዋናነት የተዘጋጀው ጉልበታቸው ቢደክምም የሚፈልጉትን አውቀው መናገር ለሚችሉ አረጋውያን ነው። ነዋሪዎቹ የራሳቸው ክፍል ወይም አነስተኛ አፓርታማ አላቸው፤ እንደፈለጉ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ምግብ፣ ጽዳትና የልብስ አጠባ ይቀርብላቸዋል፤ እንደ ስምምነቱም መድኃኒት በመውሰድ፣ በመታጠብና በመልበስ ሠራተኞች ያግዟቸዋል።

ሜሞሪ ኬር ደግሞ የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ብቻ ተብሎ የሚዘጋጅ መኖሪያ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በአንድ አሲስትድ ሊቪንግ ሕንፃ ውስጥ ለብቻው ተከልሎ ይገኛል። የመውጫ በሮቹ የሚከፈቱት በኮድ ነው። በደንብ በታሰበባቸው ቦታዎች ኮሪደሩ ነዋሪውን ዞሮ ወደ ተነሣበት የሚመልስ እንጂ በተዘጋ በር የሚያበቃ አይደለም። አንድ ሠራተኛ የሚንከባከባቸው ነዋሪዎች ቁጥር አነስ ያለ ነው፤ ቀኑም ከጠዋት እስከ ማታ በቋሚ ሥርዓት ይመራል።

እነዚህ ሁሉ ግን ከአንድ መሠረታዊ ልዩነት የሚመነጩ ናቸው። አሲስትድ ሊቪንግ የሚሠራው ነዋሪው እርዳታ ሲያስፈልገው ይጠራናል በሚል እምነት ነው። ሜሞሪ ኬር የሚሠራው ነዋሪው ላይጠራ ይችላል በሚል ግምት ስለሆነ ሠራተኛው ሳይጠራ ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ማለት ይቻላል በዚህ ልዩነት መመዘን ይቻላል።

ነርሲንግ ሆም ከሁለቱም የተለየ ሲሆን፣ ቀንና ሌሊት የነርስ ክትትል ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን የሚሆን ተቋም ነው።

ሐኪሙ ዲሜንሺያ ነው ካለ ወዲያውኑ ሜሞሪ ኬር መፈለግ አለብን?

የለብዎትም። በመጀመሪያው የሕመም ደረጃ ላይ ያሉ ብዙ ሰዎች በአሲስትድ ሊቪንግ፣ አንዳንዶቹም በገዛ ቤታቸው በጥቂት እገዛ ለረጅም ጊዜ መኖር ይችላሉ። ቤተሰቦች በማስታወስ ችሎታ ፈተና ላይ የተገኘውን ነጥብ ይዘው ከ30 ስንት ሲሆን እናስገባቸው ብለው ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን ነጥቡ የሚናገረው ስለ ምርመራው ክፍል እንጂ ስለ ሌሊቱ አይደለም። ተመሳሳይ ነጥብ ካገኙ ሁለት ሰዎች አንዱ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ሲወስዱ፣ ሌላው ምድጃ ለኩሰው ሊተኙ ይችላሉ።

ታዲያ ሜሞሪ ኬር የሚያስፈልግበት ጊዜ መድረሱን በምን እናውቃለን?

የመጀመሪያው ምልክት እርዳታ መጥራት አለመቻል ነው። በአሲስትድ ሊቪንግ ነዋሪዎች በአንገት የሚንጠለጠል ወይም በእጅ የሚታሰር የጥሪ ቁልፍ ይሰጣቸዋል። አንዲት እናት ሌሊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው፣ ቁልፉ በአንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ጠዋት ሠራተኛ እስኪገባ ድረስ ወለል ላይ ቢቆዩ መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ወድቄያለሁ፣ ሰው ያስፈልገኛል፣ ሰው ለመጥራት ይህን እጫናለሁ የሚለው የሐሳብ ቅደም ተከተል ተቋርጧል ማለት ነው። ይህን በቃል ጥያቄ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ሌሊት ቢወድቁ ምን ያደርጋሉ ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎች ልጄን እጠራለሁ ብለው በትክክል ይመልሳሉ። ስለዚህ እንዲያሳዩ ይጠይቋቸው፤ ስልኩን አንስተው ይደውሉ፣ ቁልፉን ፈልገው ይጫኑ። በሚናገሩትና በሚያደርጉት መካከል ያለው ርቀት ብዙ ነገር ይነግርዎታል።

ሁለተኛው ወጥቶ መጥፋት ነው። የአሜሪካ የአልዛይመር ማኅበር እንደሚገልጸው የመርሳት ሕመም ካለባቸው 10 ሰዎች 6 ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከቤት ወጥተው መንገድ ይጠፋቸዋል። አንድ ጊዜ የጠፋ ሰው ዳግመኛ የመጥፋት ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ፣ በሰላም ተገኙ ተብሎ መታለፍ የለበትም። በሩ ክፍት በሆነ መኖሪያ ውስጥ ይህን አደጋ በአስተማማኝ ሁኔታ መከላከል አይቻልም።

ሦስተኛው ሌሊት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚጀምር መረበሽ፣ ቀንና ሌሊትን ማምታታት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለብሶ ለሥራ መውጣት፣ የሌሎችን በር ማንኳኳት በመርሳት ሕመም የተለመዱ ናቸው። በአሲስትድ ሊቪንግ ደግሞ ሌሊት የሚያድሩት ሠራተኞች ጥቂት ናቸው።

ከእነዚህ ቀለል ያሉ የሚመስሉ ነገር ግን ችላ ሊባሉ የማይገባቸው ምልክቶችም አሉ፤ ወደ ምግብ አዳራሽ መሄድ በመርሳት ክብደት መቀነስ፣ የተሰጠን መድኃኒት በኪስ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ገላ ለመታጠብ በፍጹም እምቢ ማለት፣ ሽንትን መቆጣጠር ካቃተ በኋላ የረጠበ ልብስን መሳቢያ ውስጥ መደበቅ። አንዱን ብቻ ሲያዩ አይደናገጡ። ተደራርበው ሲመጡ ግን ሰውየው የሚፈልጉት እርዳታ ካሉበት ቦታ አሠራር አልፏል።

ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነገር ልጨምር። በአሲስትድ ሊቪንግ ያሉ ሌሎች ነዋሪዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግመው ከሚጠይቁ ሰው ቀስ በቀስ ይርቃሉ፤ ከማዕዳቸው ወንበር ያሳጧቸዋል። እናትዎ ሰው በሞላበት ሕንፃ ውስጥ ከክፍላቸው መውጣት ካቆሙ፣ ምክንያቱ ሕመሙ ብቻ ላይሆን ይችላል። አንዳንድ ሰዎች ሜሞሪ ኬር ከገቡ በኋላ ንግግራቸው የሚመለሰው እዚያ የሚያርማቸውና የሚሸሻቸው ስለሌለ ነው።

በጥቂት ቀናት ውስጥ በጣም ተባብሶባቸዋል። አሁኑኑ እናዛውራቸው?

መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። አልዛይመር በወራትና በዓመታት እንጂ በሰዓታትና በቀናት አይባባስም። በድንገት የመጣ መወናበድ፣ መቃዠት ወይም ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ብዙውን ጊዜ ሐኪሞች ደሊሪየም የሚሉት ሁኔታ ሲሆን፣ መነሻው የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ ያልታወቀ ስብራት ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡት የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶችም፣ በተለይ ዳይፈንሃይድራሚን ያለባቸው፣ የአረጋውያንን አእምሮ ክፉኛ ያደናግራሉ። መነሻው ሲታከም ሰውየው ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ሊመለሱ ወይም ወደዚያ ሊጠጉ ይችላሉ፤ ማገገሙ ግን ሳምንታትን ሊወስድ ይችላል። ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ሆኖ ቋሚ መኖሪያ መወሰን አስቸጋሪ የሚሆነው ለዚህ ነው። የሚቻል ከሆነ መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ የሚቆዩበት ቦታ ይፈልጉላቸው።

የዲሜንሺያው ዓይነት ምርጫውን ይለውጠዋል?

አዎ፣ ቤተሰቦች ከሚገምቱት በላይ ይለውጠዋል። በፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ማስታወስ ብዙም ሳይጎዳ ጠባይና ማመዛዘን አስቀድመው ይለወጣሉ፤ ታማሚዎቹም ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው ገና ከ65 በታችና አካላቸው ብርቱ ስለሆነ፣ በማስታወስ ፈተና ጥሩ ነጥብ እያገኙም የቅርብ ክትትል ሊያስፈልጋቸው ይችላል። በሉዊ ቦዲ ዲሜንሺያ የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ማየት፣ የሰውነት መገተርና መውደቅ የተለመዱ ናቸው፤ ሁኔታቸውም ከቀን ቀን ይዋዥቃል፤ ከዚህም በላይ አንዳንድ የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች ለሕይወታቸው አስጊ ሊሆኑ ስለሚችሉ ተቋሙ ይህን ማወቁን በግልጽ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከስትሮክ ጋር በተያያዘው ዓይነት ደግሞ ለውጡ በደረጃ የሚመጣ ሲሆን፣ በሁለት ደረጃዎች መካከል ረጅም የእፎይታ ጊዜ ሊኖር ይችላል።

በር መቆለፍ እስራት አይደለም?

ይህ ጥያቄ የሚነሣው ከፍቅር ስለሆነ በቁም ነገር ሊታይ ይገባል። የአንድን አዋቂ ሰው መውጫ በኮድ መዝጋት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሳያስፈልግ ከተደረገ በደል ነው። ነገር ግን ነፃነት የሚለካው በመውጫው በር ብቻ አይደለም። በሩ ክፍት በሆነ መኖሪያ ውስጥ እንዳይጠፉ ተፈርቶ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ የሚነገራቸው አባት፣ ከተከለለ ግቢ ወጥተው አትክልት ከሚያጠጡና እንደፈለጉ ከሚመላለሱ አባት ያነሰ ነፃነት አላቸው። ስለዚህ በሜሞሪ ኬር ጉብኝትዎ በሩ እንዴት እንደሚዘጋ ብቻ ሳይሆን ከበሩ ወዲህ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ ይመልከቱ፤ ያለ አጃቢ የሚወጡበት አጥር ያለው ግቢ አለ? ወደዚያ የሚያስወጣው በር ቀን ቀን ክፍት ነው ወይስ እሱም ተቆልፏል?

ሁለት ጊዜ ከማዘዋወር ከመጀመሪያው ሜሞሪ ኬር ማስገባት አይሻልም?

ቦታ መቀየር የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ከባድ ነው፤ ከእያንዳንዱ ዝውውር በኋላ መረበሽ ሊጨምር ይችላል። ሆኖም አሁን የሚችሉትን እንዳያደርጉ የሚከለክል ቦታ ውስጥ አስቀድሞ ማስገባትም የራሱ ጉዳት አለው፤ ያልተሠራበት ችሎታ በፍጥነት ይጠፋል። ሕመሙ በግልጽ ወደ ታች እየሄደ ከሆነና ከላይ ከተጠቀሱት ሦስት ዋና ምልክቶች አንዱ እንኳ ከታየ፣ በእኔ እምነት አንድ ጊዜ ብቻ ማዘዋወሩ ይመረጣል። ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ከሆኑ ግን ሁለቱንም በአንድ ግቢ የያዘ ተቋም መፈለግ መልካም ነው። ወደ ሜሞሪ ኬሩ ሲዘዋወሩ ክፍል እንደሚገኝ በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ ይሰጣል እንጂ ዋስትና አይሰጥም።

ባልና ሚስት ሆነው አንዳቸው ብቻ ቢታመሙስ?

አንዳንድ ቦታዎች ጤነኛው የትዳር ጓደኛ በሜሞሪ ኬር አብሮ እንዲኖር ይፈቅዳሉ። ብዙዎች ግን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ለየብቻ መኖርንና ቀኑን አብሮ ማሳለፍን ይመርጣሉ፤ ጤነኛው ሰው ሌሊት የሚተኛበት ቦታ ማግኘቱ ለሁለቱም ይጠቅማል።

ቦታውን ስንጎበኝ ምን እንመልከት?

የማርኬቲንግ ሠራተኛው የሚያስጎበኝዎት ጠዋት ነው፤ እርስዎ ግን አንድ ጊዜ ምሽት ላይ፣ ከተቻለም ቅዳሜ ወይም እሑድ ተመልሰው ይሂዱ። የመርሳት ሕመም የሚከብደው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ የሠራተኛ ቁጥር የሚሳሳውም ያን ጊዜ ነው። አንድ ማዕድ ከዳር እስከ ዳር ተቀምጠው ይመልከቱ። የሚያጎርሱት ሠራተኞች ተቀምጠው ነው ወይስ ቆመው? ያልተነካ ሳህን ሲነሣ ለምን እንዳልተበላ የሚጠይቅ አለ? ሠራተኛው ከነዋሪው ጋር የሚያወራው ፊት ለፊት ሆኖ በስማቸው እየጠራ ነው ወይስ ከኋላ ዊልቸሩን ገፍቶ ይሄዳል? እነዚህን ነገሮች ከየትኛውም ብሮሹር በላይ እመኑባቸው።

ከዚያም ኃላፊውን በቀጥታ ይጠይቁ። ሌሊት ለስንት ነዋሪ ስንት ሠራተኛ ያድራል? ነርስ የምትገኘው በየትኞቹ ሰዓታት ነው? ሠራተኞች ስለ ዲሜንሺያ ምን ያህል ሰዓት ይሠለጥናሉ? ባለፈው ዓመት ስንቶቹ ለቀቁ? ነዋሪ ገላ መታጠብ እምቢ ሲል ምን ታደርጋላችሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጥ ሰው ሰዓት ስለመቀየር፣ ስለሚወዱት ሠራተኛ፣ ክፍሉን አስቀድሞ ስለማሞቅ ይናገራል። መልሱ ወዲያውኑ ወደ መድኃኒት ከሄደ ይጠንቀቁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አንቲሳይኮቲክ የሚባሉት የከባድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ዲሜንሺያ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ እ.ኤ.አ. በ2005 ከባድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አንዳንድ ጊዜ አስፈላጊ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን በሠራተኛ ማነስ ምክንያት ሰውን ጸጥ ለማሰኘት ሊሰጡ አይገባም።

ውሉን ሲያነቡ ደግሞ ነዋሪው እንዲለቅ የሚያስገድዱት ሁኔታዎች የተዘረዘሩበትን ክፍል አስቀድመው ያግኙ። ሜሞሪ ኬር የሚል ስም ራሱ ብዙም ዋስትና ስላልሆነ፣ ፈቃዱንና የቁጥጥር ሪፖርቱን መጠየቅ መብትዎ ነው።

ክፍያውን ማን ይሸፍናል?

ይህ ዓይነቱ ክፍፍል በስፋት የሚሠራው በአሜሪካ ስለሆነ መልሱም በዚያ አገር ሕግ ነው። ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ በአሲስትድ ሊቪንግም ሆነ በሜሞሪ ኬር የክፍልና የምግብ ወጪ አይከፍልም። የሐኪም፣ የሕክምናና፣ በሕይወት ፍጻሜ ላይ ሆስፒስ የሚባለውን የማስታገሻ እንክብካቤ አገልግሎት ግን ሰውየው በሚኖሩበት ቦታ ሆነው በሜዲኬር ሊያገኙ ይችላሉ። ሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ በብዙ ስቴቶች የእንክብካቤውን ወጪ ሊሸፍን ይችላል፤ የክፍልና የምግብ ኪራዩን ግን አይደለም። ለዚህ ሲባል ንብረትን በልጅ ስም ከማዛወር በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ሲጠየቅ ያለፉት 60 ወራት የንብረት ዝውውር ይመረመራል። የቀድሞ ወታደሮችና የሟች ወታደር ባለቤቶችም ከጡረታቸው ላይ ተጨማሪ ድጎማ ሊያገኙ ስለሚችሉ ይጠይቁ።

የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ ካላቸው ፖሊሲውን አውጥተው ያንብቡ። ብዙዎቹ ፖሊሲዎች የሚከፍሉት ከ6ቱ የዕለት ተዕለት ተግባራት ማለትም ከመታጠብ፣ ከመልበስ፣ ከመመገብ፣ ከመጸዳዳት፣ ከአልጋና ከወንበር ከመነሣት፣ ሽንትና ሰገራን ከመቆጣጠር ቢያንስ 2ቱ ሲያቅቱ ነው። በሌላ በኩል ለራስ ደኅንነት ክትትል የሚያስፈልገው ከባድ የአእምሮ መዳከም ብቻውን በቂ ምክንያት ነው፤ አባታችን ገና ራሳቸው ይለብሳሉ ብለው ሳይጠይቁ የሚቀሩ ቤተሰቦች አሉ።

ዋጋ ሲያወዳድሩም ጥንቃቄ ያድርጉ። አሲስትድ ሊቪንግ በመነሻ ዋጋው ላይ ለእያንዳንዱ እገዛ የሚጨምር ሲሆን፣ ሜሞሪ ኬር ብዙ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ላይ ያስከፍላል። በወረቀት ላይ ርካሽ የሚመስለው ቦታ የመድኃኒት፣ የማጠብና የሌሊት ክትትል ሲጨመርበት ከሌላው ሊበልጥ ይችላል።

ከልጅነታቸው ቋንቋ ውጪ ያለውን እየረሱ ነው። ይህ ሊታሰብበት ይገባል?

በእርግጥ ይገባል። በኋላ ዕድሜ የተማሩት ቋንቋ ከመጀመሪያው ቋንቋ ቀድሞ መዳከሙ በመርሳት ሕመም የሚታይ ነው። ሕመማቸውን፣ ረኀባቸውንና ሽንታቸውን የሚናገሩበት ቋንቋ በአካባቢያቸው ካልተሰማ፣ እርዳታ መጥራት ባይረሱም የሚሰማቸው አያገኙም፤ በሠራተኛውም ዘንድ አስቸጋሪ ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ። በየፈረቃው ቋንቋቸውን የሚናገር ሰው መኖሩን ይጠይቁ። ከሌለ አመመኝ፣ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ በረደኝ፣ ፈራሁ የሚሉት ቃላት በአነጋገራቸው እንዴት እንደሚሰሙ ጽፈው ክፍላቸው ውስጥ ይለጥፉ፤ ሠራተኞቹም ድምፁን እንዲለምዱት ቆመው ያስተምሯቸው።

አልሄድም ቢሉስ?

ውሳኔ የመስጠት አቅማቸው ሙሉ በሙሉ ከመዳከሙ በፊት የሕክምናና የገንዘብ ውክልና መፈረም አለበት። ይህ ካለፈ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድና ብዙ ወራትን ሊወስድ ይችላል። መረዳት በሚችሉበት ጊዜ ምርጫውን ከእሳቸው ጋር መነጋገር፣ ቦታውን አብረው ማየት፣ የሚፈልጉትን መጠየቅ የሚገባቸው ክብር ነው። መረዳት ከተሳናቸው በኋላ ግን ለሳምንታት አስቀድሞ ማስታወቅ ጭንቀቱን ደጋግሞ መቀስቀስ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ክፍሉን በሚያውቁት ብርድ ልብስ፣ ወንበርና ፎቶ አዘጋጅቶ፣ ቀኑ ሲደርስ በረጋ ድምፅ ይዞ መሄድ ይሻላል። የሚወስዳቸው ሰው ከእሳቸው ጋር የማይከራከር ይሁን።

ከገቡ በኋላ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ እያሉ ያለቅሳሉ። ተሳስተናል ማለት ነው?

ልመናው ብቻውን ስሕተት መሠራቱን አያሳይም፤ በገዛ ቤታቸው ሳሎን ተቀምጠው ወደ ቤቴ ውሰዱኝ የሚሉም ብዙ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ደኅንነት ወይም ከረጅም ዓመታት በፊት የሞቱ እናታቸውን ነው። ቤትዎ እዚህ ነው ብሎ ከመከራከር ስለዚያ ቤት መጠየቅ፣ እጃቸውን ይዞ አብሮ መራመድ ይረዳል። መላመድ ሳምንታትን አልፎ አልፎም ወራትን ይወስዳል።

ይልቁንም የሚከተሉትን ይከታተሉ፤ ክብደታቸው፣ እንቅልፋቸው፣ የቆዳቸው ንጽሕና፣ የወደቁበት ብዛት፣ አዲስ የታዘዘ መድኃኒት። ሠራተኛ ሲቀርባቸው ፊታቸው ይፈታል ወይስ ይሸማቀቃሉ? እርስዎ በማይጠበቁበት ሰዓት ሲገቡ የሚያገኙት ሁኔታ ከሚጠበቁበት ጋር አንድ ነው? ያልታወቀ ሰንበር፣ ፍርሃት ወይም ያለ እርስዎ ዕውቀት የተጀመረ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ካዩ ለኃላፊው በጽሑፍ ያሳውቁ። በአሜሪካ በየስቴቱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ነዋሪዎች እንባ ጠባቂ አለ፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ነዋሪውም ሆነ ቤተሰቡ ማመልከት ይችላል። አቤቱታ ያቀረበን ነዋሪ መበቀል የተከለከለ ስለሆነ፣ እናቴን ይጎዱብኛል በሚል ፍርሃት ዝም አይበሉ።